የተማሪውን ጭንቀት ማን ይስማ? የማኅበረሰብ ሥነ ልቡና ለምዕራብ ጎጃም ትምህርት ቤቶች ያለው ጥቅም

መግቢያ

በትምህርት ወራት፣ ሰኞ ማለዳ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ መግቢያ ላይ የቆመ ሰው ስንቅ የተሸከሙ ወጣቶች ከየገጠሩ ቀበሌ ሲገቡ ያያል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአቅራቢያቸው የሌላቸው ልጆች በከተማ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይማራሉ፤ የሳምንቱን እንጀራ፣ በሶና ሽሮ ከወላጆቻቸው ቤት ያመጣሉ፤ ስንቁም ሲያልቅ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከብዙ ዓመታት በፊት መምህር ሳለ እንዲህ ያለ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረው። ልጁ እስከ ኅዳር ወር ድረስ እጁን ለማውጣት የሚቀድመው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ዝም አለ፤ ሐሙስና ዐርብ በጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይተኛ ጀመር። ጸሐፊው በልጁ የውጤት ካርድ ላይ «ትጋት ይጎድለዋል» ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ልጁ ትምህርቱን ትቶ ሄደ። ቤት ያከራዩት እናት በኋላ እንደ ተናገሩት፣ የልጁ እናት በዚያው በኅዳር ወር ሞታ ነበር፤ እንጀራ የሚጋግርለት ሰው በመጥፋቱ ስንቁ ረቡዕ ያልቃል፤ ሌሊትም እንቅልፍ አይወስደውም። «ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» ቢባሉ፣ «የጠየቀኝ ማን አለ፣ መምህር?» ሲሉ መለሱ።

ዕውቀቱ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነበረ፤ የጎደለው መጠየቅ ነው። የማኅበረሰብ ሥነ ልቡና የሚባለው የሙያ ዘርፍ ዋና ትምህርትም ከዚህ ይነሣል።

1. የማኅበረሰብ ሥነ ልቡና ምንድን ነው?

ይህ ዘርፍ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስዋምፕስኮት በተባለች ከተማ የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ካደረጉት ጉባኤ ነው። ባለሙያዎቹ በክሊኒክ ተቀምጦ ሕመምተኛን መጠበቅ ብቻውን እንደማይበቃ ተገንዝበው፣ ሰውን ከሚኖርበት ቤት፣ ሰፈር፣ ሥራና ትምህርት ቤት ጋር አያይዞ መርዳት እንደሚገባ ተስማሙ። ስለዚህ የማኅበረሰብ ሥነ ልቡና ባለሙያ «ይህ ልጅ ምን ጎደለው?» ከማለቱ በፊት «በዚህ ልጅ ዙሪያ ምን ጎደለ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም ምክርን፣ መካሪነትንና ሥልጠናን እንደ አንድ ሰንሰለት አያይዞ ይሠራል።

2. ምክር፦ በቅርብ ሰው የሚሰጥ እርዳታ

በአገራችን የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 380 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዛሬ አገልግሎቱ ወደ ሌሎች ከተሞች ቢስፋፋም፣ በገጠር ላለ ቤተሰብ የመንገዱ ርቀትና የመጓጓዣው ወጪ እስከ አሁን ከባድ ናቸው።

ይኸው ችግር በዚምባብዌ አንድ ትልቅ ሥራ አስጀምሯል። ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉት የአእምሮ ሐኪም አንዲት ታካሚያቸው ወደ ሆስፒታል መምጫ የአውቶቡስ ገንዘብ በማጣቷ ራሷን ማጥፋቷን ሰሙ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ 14 አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ በእንጨት አግዳሚ ላይ እየተቀመጡ የተጨነቀውን እንዲያዳምጡ አደረጉ። አሮጊቶቹ የሚሠሩት ሦስት ነገር ነው፦ ሰውየው የሆዱን እንዲያወጣ መርዳት፣ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግለት ማድረግ፣ ውሳኔውንም እንዲፈጽም ማበረታታት። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው፣ በ24 ጤና ጣቢያዎች በ573 ሰዎች ላይ የተካሄደው ጥናት እርዳታውን ያገኙት ሰዎች ካላገኙት ይልቅ የጭንቀታቸው ምልክት በጉልህ እንደ ቀነሰላቸው አረጋግጧል።

የሐራሬ ሰዎች ሕመሙን በቋንቋቸው «ከመጠን በላይ ማሰብ» ይሉታል። የእኛም ሰው «ሐሳብ ገባው»፣ «ሆድ ባሰው» ይላል። መምህሩ ተማሪውን ሲያነጋግር በባዕድ የሙያ ቃል ሳይሆን በዚህ በሚታወቀው አነጋገር ቢጀምር ይቀናዋል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ሆኖም ብዙ ልጅ የሚሸሽገው በእልከኝነት ሳይሆን ጠያቂ በማጣት ነው።

3. መካሪነት፦ ከታላቅ ወደ ታናሽ

መካሪነት ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ ዋሸራ ባሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች አንዱ መሪጌታ ብዙ ደቀ መዛሙርትን ሊያስተምር የቻለው ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን እየረዳ ስለሚያስጠና ነው። ከሩቅ አገር የመጣው የቆሎ ተማሪ ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን የስደት ኑሮውንም የሚማረው ከቀደመው ጓደኛው ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ለዚህ የሚሆን መሠረት አለው። በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር ጀማሪ መምህር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በአማካሪ መምህር እንዲደገፍ ተደንግጓል። በተግባር ግን ድጋፉ ቅጽ ወደ መሙላት ሲያዘነብል ይታያል። አማካሪው የትምህርት ዕቅድን ከማረም ባሻገር፣ «በክፍልህ ዝም ያለው ማን ነው? ከማን ጋር ይኖራል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መካሪነቱ ከመምህሩ አልፎ ለተማሪው ይደርሳል።

እንደ ዌድ ኖብልስ ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ምሁራን «ጀግና» የሚለውን ቃል ከአማርኛ ወስደው፣ ወጣቱን የሚያንጽና ለወገኑ የሚቆም መካሪ መጠሪያ አድርገውታል። በእኛ ዘንድ ቃሉ የጦር ሜዳውን ሰው ወይም ጎበዙን ገበሬ ያስታውሳል። በውሰት የሄደው ቃል አዲስ ትርጉም ይዞ ቢመለስልን ለመምህራን የሚጠቅም ነው።

4. ሥልጠና፦ ባለሙያው ከመምህሩ በስተኋላ

ለየትምህርት ቤቱ የሥነ ልቡና ባለሙያ ማዳረስ በቅርብ የሚሆን አይመስልም። ባለሙያው ግን ጥቂቶችን አሠልጥኖና በየጊዜው ሥራቸውን ተመልክቶ ብዙዎችን ሊደርስ ይችላል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሠራተኞችን አሠልጥኖ ማሠማራት እንደሚቻል አሳይቷል።

የሥልጠናው ይዘት ረጅም መሆን የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ከሌሎች ጋር ያወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቡና እርዳታ መምሪያ ነገሩን በሦስት ቃላት ያጠቃልለዋል፦ ማየት፣ መስማት፣ ማገናኘት። ይህ በተለይ ዛሬ ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆችም ከሞትና ከስደት ጋር ተዋውቀዋል። ወደ ክፍል የሚመለሰው ልጅ ያመለጠውን ትምህርት ብቻ ሳይሆን ያየውንም ይዞ ይመጣል።

5. በትምህርት ቤት ሊፈጸም የሚችል ተግባር

ሀ) እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ መምህር ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎችን ስም፣ ያከራዩአቸውን ሰዎችና የመጡበትን ቀበሌ ይመዝግብ፤ በመንፈቀ ዓመት አንድ ጊዜም አከራዮችን ያነጋግር።

ለ) ከአንድ ቀበሌ የመጡ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች አዲስ ገቢዎችን እንዲረዱ ይመደቡ።

ሐ) መምህሩ ተማሪውን በሚነጋገርበት ጊዜ ለብቻው፣ ነገር ግን ከሰው ዐይን ባልተሰወረ ቦታ፣ ለምሳሌ በዛፍ ጥላ ሥር ያድርገው፤ ከመምከሩ በፊት ያዳምጥ፤ የሰማውንም በመምህራን ክፍል አያውራ።

መ) የጉድኝት ማእከሉ መምህራን በወር አንድ ጊዜ ተሰብስበው፣ የተማሪ ስም ሳይጠሩ፣ የገጠማቸውን ይመካከሩ።

6. ጥንቃቄ

መምህር ሐኪም አይደለም። ራሱን ስለ ማጥፋት የሚናገር፣ ጥቃት የደረሰበት ወይም አእምሮው የታወከ ልጅ ሲገጥመው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ማድረስ አለበት፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ምስጢር መጠበቅ ልጁን ብቻውን መተው እንዳይሆን ይጠንቀቅ።

ማኅበረሰቡም ሁልጊዜ ፈዋሽ አይደለም። እድሩና ማኅበሩ ኀዘንተኛን ያጽናናሉ፤ ይሁን እንጂ ልጅቱን ያለ ዕድሜዋ የሚድረውም፣ የተደፈረችውን በሽምግልና ስም ዝም የሚያሰኘውም ያው ማኅበረሰብ ሊሆን ይችላል። የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜ ጋብቻንም አስገድዶ መድፈርንም ይቀጣል። እንዲህ ባለ ጉዳይ መምህሩ የሚወግነው ለልጅቱ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ አዲስ ሕንፃ ወይም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜን ነው። ጊዜ ደግሞ በዕቅድ ካልተያዘ አይገኝም። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ለክፍል ኃላፊ መምህር በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ተግባር ቢመድቡለት፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ማዳመጥን እንደ አንድ የማስተማር ችሎታ በልምምድ ቢያስተምሩ፣ መልካም ጅምር ይሆናል። ዛሬ በውጤት ካርድ ላይ «ትጋት ይጎድለዋል» ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን ያነሣ መምህር ቢኖር፣ ከመጻፉ በፊት የልጁን አከራይ አንድ ጊዜ ይጠይቅ።