ለመድን ድርጅት መዋሸት የሚያስከትለው ጉዳት

የሰው ልጅ ነገ የሚደርስበትን አስቀድሞ ለማወቅ አይችልም። ስለዚህም አባቶቻችን ችግርን ለብቻ ከመሸከም በጋራ መሸከም ይሻላል ብለው ዕድርን መሠረቱ። የዕድር አባል በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፤ ሐዘን በደረሰበት ዕለት ግን ድንኳኑም፤ ወንበሩም፤ ገንዘቡም ከዕድሩ ይመጣለታል። በተለምዶ ኢንሹራንስ የምንለው የመኪና መድንም በሐሳቡ ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ የዕድር አባሎች የሚተዋወቁ ጎረቤቶች ሲሆኑ፤ መድን የሚገቡት ግን የማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች መሆናቸው ነው። ዕድርተኛውን ለማታለል የሚያፍር ሰው የመድን ድርጅትን ለማታለል የማያፍረውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ውድ አንባቢዎቼ፤ ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ስለ ሆነ፤ አስቀድሜ እሱን ልናገርና ከዚያ በኋላ ሕጉን እንደ ተረዳሁት መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

እኔን ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። በባንክ ብድር አንዲት የቤት መኪና ገዝተው መድን ሲገቡ፤ መኪናይቱ ለምን አገልግሎት እንደምትውል በቅጹ ላይ ተጠየቁ። እሳቸውም ‹‹ለቤተሰብ መገልገያ ብቻ›› ብለው ፈረሙ። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ሰው በክፍያ ያመላልሱባት ነበር። እውነቱን ያልጻፉበት ምክንያት ለሥራ የምትውል መኪና ዓረቦኗ፤ ማለት ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ፤ ከፍ ስለሚል ነው። ‹‹ለዚህችማ ማን ይሰቅለኛል?›› እያሉም ይቀልዱ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፤ ከሸኖ አልፈው ወደ ጫጫ ሲቃረቡ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበርና መኪናይቱ ከመንገድ ወጥታ ቦይ ውስጥ ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን፤ የሞተ ቀርቶ አጥንቱ የተሰበረ ሰው እንኳ አልነበረም። ነገር ግን ኮፈኑ ታጥፎ፤ ሞተሩም ተጐድቶ ስለ ነበረ፤ መኪናይቱ በሌላ መኪና ተጭና ወደ ጋራዥ ገባች። አጎቴ በማግሥቱ ማታ ጠርተውኝ፤ ‹‹ልጄ፤ የኢንሹራንስ ሰው መጥቶ ቢጠይቅህ ተሳፋሪዎቹ ዘመዶቻችን ናቸው፤ ለለቅሶ ነው የሚሄዱት በል›› አሉኝ። እኔም ውለታቸውን እያሰብሁ፤ ‹‹እሺ ጋሼ›› አልሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የድርጅቱ መርማሪ ወደ ቤታችን መጣ። እንደ ተመከርሁት ነገርሁት። እሱም ረጋ ብሎ፤ ‹‹ነፍስ ይማር፤ ለመሆኑ ሟቹ ማን ይባላሉ?›› አለኝ። አጎቴ ምን ብለው እንደ ነገሩት አላወቅሁም ነበርና በአፌ የመጣልኝን ስም ጠራሁ። መርማሪው ምንም ሳይናገር ጻፈው። በኋላ እንደ ሰማነው አጎቴ የጠሩት ሌላ ስም ነበር። ይልቁንም ተሳፋሪዎቹ በአደጋው ዕለት፤ የከፈሉትን ሒሳብ ሳይቀር ለትራፊክ ፖሊስ ተናግረው ኖሯል። እንግዲህ የእኔ ውሸት አንዱን ውሸት ሁለት ከማድረግ በቀር ምንም አልጠቀመም።

ከአንድ ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። ድርጅቱ ካሳ እንደማይከፍልና ውሉም እንደ ፈረሰ ይናገራል። የተከፈለው ዓረቦን አልተመለሰም፤ የባንኩ ዕዳ ግን እንደ ነበረ ቀረ። መኪናይቱ እንደ ተሰበረች ተሸጠች፤ ገንዘቡም ዕዳውን ስላልሸፈነ የአክስቴ ወርቅ ተጨመረበት።

ያን ጊዜ በልቤ በድርጅቱ ላይ ተቈጥቼ ነበር። ‹‹አደጋውን ያመጣው ጉም ነው እንጂ ቅጹ ነውን?›› እል ነበር። ቍጣዬ የበረደው አንድ መምህሬ ሕጉን አውጥተው ካሳዩኝ በኋላ ነው።

በአገራችን የመድን ውል የሚተዳደረው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም ስለ መድን የሚናገረው ክፍል አልተሻረም። በዚህ ሕግ በቁጥር 668 እንደ ተደነገገው፤ መድን ገቢው እያወቀ እውነቱን ቢደብቅ ወይም ሐሰት ቢናገር፤ ድርጅቱም እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ውሉን የማይዋዋል ወይም በሌላ ሁኔታ የሚዋዋል ቢሆን፤ ውሉ ዋጋ አይኖረውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድርጅቱ የሁሉንም ሰው ኑሮ ተከታትሎ ለማወቅ ስለማይችል፤ የአደጋውን መጠን የሚገምተው መድን ገቢው በነገረው ቃል ነው። ዘወትር ብዙ ሰው ጭና ረጅም መንገድ የምትመላለስ መኪና፤ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ከምትሄደው ይልቅ ለአደጋ ቅርብ ናት። ስለዚህ አጎቴ የዋሹት ስለ ትንሽ ነገር ሳይሆን ዋጋው ስለሚወሰንበት ስለ ዋናው ነገር ነበር።

ሕጉ ግን ጨካኝ አይደለም። ሳያውቅ የተሳሳተውን ሰው ከአታላዩ ለይቶ ያየዋል። ስሕተቱ የተገኘው ከአደጋው በኋላ ቢሆን፤ ውሉ ሳይፈርስ ካሳው በተከፈለው ዓረቦን መጠን ይቀነሳል። ለምሳሌ መከፈል የሚገባው ዓረቦን 12,000 ብር ሲሆን ሰውዬው በስሕተት 8,000 ብር ብቻ ከፍሎ ነበር እንበል። የከፈለው ከሚገባው ሁለት ሦስተኛውን ነው። ስለዚህ 90,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት ሁለት ሦስተኛውን፤ ማለት 60,000 ብር፤ ያገኛል። እያወቀ የዋሸው ግን ምንም አያገኝም።

ውሸት ከአደጋ በኋላም ይመጣል። መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ ያጋጨውን መኪና አባት እኔ ነበርሁ የነዳሁ ይላል፤ አንዱ የቈየውን ጭረት ከአዲሱ ጋራ ያስቈጥራል፤ ሌላው ከጋራዥ ጋራ ተስማምቶ ሒሳብ ያስጨምራል። ነገር ግን የትራፊክ ፖሊስ ያነሣው ፕላን አለ፤ ፎቶግራፍ አለ፤ ምስክር አለ። ዝገት የያዘ ጭረትም የትናንት ነኝ ቢል የሚያምነው መካኒክ አይገኝም። ከዚህም በላይ ሌላውን አሳስቶ ገንዘብ መውሰድ፤ ወይም ለመውሰድ መሞከር፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው። በቁጥር 692 የተመለከተው የአታላይነት ወንጀል እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ያስቀጣል።

ምናልባት ‹‹ድርጅቶቹስ ሲያጕላሉን?›› የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በእርግጥ የሚያጕላላ አይጠፋም። ነገር ግን እውነቱን ጽፎ የፈረመ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ፤ ወይም መድን ድርጅቶችን ለሚቈጣጠረው ለብሔራዊ ባንክ አቤት ለማለት አፉን ሞልቶ ይናገራል። አጎቴ ግን ደብዳቤውን ይዘው የሚሄዱበት ቦታ አልነበራቸውም፤ ሙግታቸውን ገና ቅጹን ሲፈርሙ ተረትተዋልና።

ደግሞም በውሸት የሚወጣው ገንዘብ የድርጅቱ ብቻ አይደለም። ብዙዎች ያዋጡት ነው። ዛሬ አንዱ ያለ አግባብ ሲወስድ፤ ነገ በሐቅ የሚኖረው ባለ ታክሲ ከፍ ያለ ዓረቦን ይከፍላል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ቅጹን ደላላ ወይም ጓደኛ እንዲሞላላቸው ትተው እንዳይፈርሙ፤ ጥያቄውን አንድ በአንድ እንዲያነቡ እለምናለሁ። የመኪናው አገልግሎት ቢለወጥ ለድርጅቱ በጽሑፍ ማስታወቅ ነው። አደጋ ቢደርስም ያዩትን ብቻ መናገር ነው። እናንተም ጓደኞቼ፤ የምትወዱት ሰው ‹‹እንዲህ በል›› ቢላችሁ፤ በአክብሮት ‹‹አልችልም›› ማለት እሱን መጥቀም እንጂ መክዳት አለመሆኑን አስቡ። እኔ ይህን ያወቅሁት ከረፈደ በኋላ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከማስገባቴ በፊት ለአጎቴ አነበብሁላቸው። ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ፤ ‹‹ጻፈው። መኪናዋስ ትቅር፤ የሚቈጨኝ አንተን ማዋሸቴ ነው›› አሉኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለውን ተረት ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያስተማሩኝም እሳቸው ነበሩ።