የሐረርጌ ጉበት ምን ነካው?

ከምዕራብ ሐረርጌ፣ ከጭሮ፣ ከሂርና ወይም ከገለምሶ፣ በሪፈር ሐረር የሚደርስ የጉበት ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ተወጥሯል፤ እግሩ አብጧል፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ አንዳንዱ ደም አስመልሶ ነው አልጋ የሚይዘው። የሕይወት ፋና እና የጁገል ሆስፒታል ሐኪሞች ይህን መልክ አሳምረው ያውቁታል። የሚያሳስበው የሕመምተኞቹ ዕድሜ ነው፤ አብዛኞቹ ገና በጉልበታቸው ያሉ ወንዶች ናቸው።

ጉበት ለዓመታት ሲጎዳ ጤነኛው አካል በጠባሳ ይተካል። ሲሮሲስ የሚባለው ይህ ጠባሳ ለጉበት ካንሰር በር ይከፍታል። ስለዚህ በአንድ አካባቢ የጉበት ካንሰር ከየት እንደሚመነጭ ማወቅ የሚሻ፣ ካንሰሩ ከመታየቱ በፊት ጉበቱን ማን እንደጎዳው መጠየቅ ይኖርበታል።

ኖርዌያዊው ሐኪም ስቲያን ኦርሊን፣ ነጂብ ዩሱፍ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነጋ በርሄና ባልደረቦቻቸው ይህን ጥያቄ ይዘው ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 በሁለቱ የሐረር ሆስፒታሎች ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸውን 150 ሰዎች መረመሩ። ከመቶ 72 እጁ ወንዶች ነበሩ፤ የዕድሜያቸው መካከለኛ (ሚዲያን) 30 ዓመት ነው።

ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ አነሡ። አልኮል? ሕሙማኑ በብዛት የማይጠጡ ናቸው። ሄፓታይተስ ቢ በ55ቱ ደም ውስጥ ተገኘ፤ ከታወቁት ምክንያቶች ቀዳሚው እርሱ ሆነ። ሄፓታይተስ ሲ፣ ቢልሃርዚያ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ ጉበትን የሚያጠቃበት ሕመምም ተፈተሹ። ይህ ሁሉ ተደርጎ 83 ሰዎች ምክንያት ሳይገኝላቸው ቀሩ። ከግማሽ በላይ መሆናቸው ነው።

አንድ ነገር ግን ከዓይን አልተሰወረም፤ ጫት። እንዲያም ሆኖ ሐረርጌ ውስጥ «ይህ ሰው ጫት ይቅማል» ማለት ብቻውን ምንም አያስረዳም። በርጫ፣ ማለትም ተሰብስቦ ጫት መቃም፣ የዕለት ኑሮ በሆነበት አገር የታመመውም ያልታመመውም ይቅማል። በሽተኛውን ብቻ እያዩ ቅጠሉን መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ጥያቄውን ቀየሩት። «ትቅማለህ?» ከማለት ይልቅ «ምን ያህል? ስንት ዓመት?» አሉ። በየቀኑ 200 ግራም እርጥብ ጫት ለአንድ ዓመት መቃምን አንድ የጫት ዓመት ብለው ቆጠሩ። ከ150ዎቹ ሕሙማን ጎን የጉበት ሕመም የሌለባቸውን 300 ሰዎች አስቀመጡ፤ የሁሉንም የዕድሜ ልክ አቃቃም አሰሉ።

መልሱ ከዚያ ስሌት ወጣ። ከወንዶቹ መካከል፣ ካልቃሙት ወይም እስከ አንድ የጫት ዓመት ብቻ ከቃሙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከአንድ እስከ አምስት የጫት ዓመት ያስቆጠሩት በሥር የሰደደ የጉበት ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ገደማ ሆነ፤ ከአምስት በላይ ያስቆጠሩት ደግሞ 13 እጥፍ። መጠኑ ሲጨምር አደጋውም አብሮ ይጨምራል። ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው ከስሌቱ ሲወጡም ግንኙነቱ አልጠፋም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2018 «ሄፓቶሎጂ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የእንግሊዝ ሐኪሞች ጫት በሚቅሙ ጥቂት ሕሙማን ላይ ድንገተኛ የጉበት ጉዳት አይተው ጽፈው ነበር፤ የሐረሩ ሥራ ያንን ጥርጣሬ በቁጥር አጸናው።

ጉበቱን የሚጎዳው ቅጠሉ ራሱ ነው ወይስ በቅጠሉ ላይ የተረጨው ፀረ ተባይ? ጫት የሚያነቃቃው ካቲኖን በተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ኃይሉን ያጣል። ለዚህ ነው ጫት ከማሳ ተቆርጦ በፍጥነት ገበያ የሚደርሰው፤ ብዙ ጊዜም ሳይታጠብ የሚቃመው። በኢትዮጵያ ጫት ናሙናዎች ላይ ደግሞ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ቅሪት ተገኝቷል። ሁለቱም መንገድ ተጨማሪ ምርምር ይፈልጋል።

ምዕራብ ሐረርጌ ከዚህ ግኝት የሚያተርፈው ብዙ ነው። ጫት የሺዎች እንጀራ ስለሆነ ገበሬውን መውቀስ መፍትሔ አይሆንም። በጭሮና በገለምሶ ሆስፒታሎች ካርድ ላይ ግን የአቃቃም መጠንና ዓመት ቢመዘገብ፣ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ሆድ ሳያብጥ ቢደረግ፣ ፀረ ተባይ በጫት ማሳ ላይ ቁጥጥር ቢደረግበት፣ ብዙ ሰው ሐረር ሳይደርስ ሊድን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሕፃናት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያገኛሉ፤ አንዱ ጠላት መንገዱ እየተዘጋበት ነው። ለሁለተኛው፣ ለጫት፣ ግን ክትባት የለም፤ የሚከላከለው፣ ሰው ምን ያህል እንደሚቅም ጠይቆ እውነቱን የሚነግረው ሐኪም ነው።