ቡገንቪሊያን ከብርድ ማሳለፍ

በድሬዳዋ፣ በአዳማ ወይም በባሕር ዳር ላደገ ሰው ቡገንቪሊያ ተንከባካቢ የሚሻ ተክል ሳይሆን የአጥር አካል ነው። ግንብ ላይ ይወጣል፣ በቆርቆሮ በር ላይ ይንጠለጠላል፣ የሚያጠጣው ባይኖርም ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ አጥሩን በሐምራዊ፣ በቀይና በብርቱካናማ ያለብሰዋል። ያው ሰው ኑሮው ዋሽንግተን፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ሆኖ ከችግኝ መሸጫ አንድ ማሰሮ ሲገዛ ግን ነገሩ ይለወጣል። በጋውን ሲያብብ የከረመው ተክል ኅዳር ላይ ቅጠሉን ያራግፋል። ባለቤቱም ደርቋል ብሎ ይጥለዋል። እንዲህ ከሚጣሉት ብዙዎቹ ግን ሕይወት ያላቸው ናቸው፤ በእንቅልፍ ላይ ያለን ተክል ከሞተ የሚለይ ሰው ቢያገኙ ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት ያብቡ ነበር።

የተክሉ አገር ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ከብራዚል እስከ ፔሩና ሰሜናዊ አርጀንቲና። ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው ፊሊቤር ኮሜርሶን የተባለ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሆን፣ በሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪል በተመራው ዓለምን የመዞር ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1767 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ነበር ያገኘው። የአዛዡን ስም ለአበባው ሰጠው። ከኮሜርሶን ጋር ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች። በዚያ ዘመን ሴት በፈረንሳይ የባሕር ኃይል መርከብ መጓዝ ስለማይፈቀድላት፣ እንደ ወንድ ለብሳ የእሱ ረዳት ሆና ዕፅዋት ትሰበስብ ነበር። ዓለምን በመዞር የምትታወቀው የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት፤ የአበባው ታሪክ ሲነሳ ከአዛዡ እኩል መወሳት ይገባታል።

አበባ የምንለው ባለቀለሙ ክፍል በእውነቱ አበባ አይደለም። ሦስት ስስ፣ ወረቀት የመሰሉ ቅጠሎች ናቸው። እውነተኛው አበባ በመካከላቸው ያለው ትንሽ ነጭ ቱቦ ነው። ቀለሙ ሳምንታት የሚቆየው ለዚህ ነው፤ ቅጠል እንደ አበባ ቶሎ አይጠወልግም። ለአትክልተኛ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፦ ቡገንቪሊያ የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ያረጀ እንጨት ቅርንጫፍ ይሸከማል እንጂ በራሱ አያብብም። የመግረዝ ሥራ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ብርድን በተመለከተ ቡገንቪሊያ ውርጭ አይችልም። ቀላል ውርጭ ቅጠሉንና ለጋ ጫፉን ያቃጥላል፤ ጠንከር ያለው፣ በተለይ በማሰሮ ያለውን፣ እስከ ሥሩ ይገድለዋል። መሬት ውስጥ ያለ ሥር አፈሩ ይጋርደዋል፤ የማሰሮን ሥር ግን ብርዱ ከየአቅጣጫው ያገኘዋል። ስለዚህ ውርጩን ሳትጠብቁ የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በአሜሪካ ቴርሞሜትር ከ50 ዲግሪ፣ በታች መውረድ ሲጀምር አስገቡት። ሚኒያፖሊስ ላይ ይህ በመስከረም ይመጣል፤ ዋሽንግተን አካባቢ እስከ ጥቅምት ይዘገያል። ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያላችሁ ተክላችሁ ዓመቱን ሙሉ ደጅ ይኑር። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ግን ይህ ጉዳይ የእናንተም ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቡገንቪሊያን ይጎዳል።

ሙቀት ወዳድ ዛፎችን ለብርዱ ወራት ቤት ማስገባት የቆየ ጥበብ ነው። ቬርሳይ በሚገኘው የፈረንሳይ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ዡል አርዱዋን ማንሳር እ.ኤ.አ. ከ1684 እስከ 1686 ያሠራው ኦራንዠሪ የተባለ አዳራሽ አለ። ርዝመቱ ከ150 ሜትር በላይ ነው፤ መስኮቶቹ ወደ ደቡብ ያያሉ፤ ግድግዳው ወፍራም ነው። የብርቱካን፣ የሎሚና የሮማን ዛፎች ከነሣጥናቸው በመጸው ይገባሉ፤ ብርዱ ሲያልፍ ይወጣሉ። አዳራሹ ሞቃት አይደለም፤ እንዳይበርድ ብቻ ነው የተሠራው። እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው።

ምርጫው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ተክሉን ነቅቶ ማቆየት ነው። ለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ፣ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገባ መስኮት ወይም በቂ መብራት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ መስኮት ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሰሜን አውሮፓ ላይ በታኅሣሥ ፀሐዩ ራሱ እምብዛም አይታይም። በሙቅና ጨለማ ሳሎን የተቀመጠ ቡገንቪሊያ ሙቀቱ እደግ ይለዋል፣ ብርሃኑ ግን አይበቃውም፤ ቀጫጭንና ገርጣጣ ቀንበጥ አውጥቶ ይዳከማል። የቤት ማሞቂያው የሚያደርቀው አየር ደግሞ ቀይ ሸረሪት የተባለውን ተባይ ይጋብዛል።

ሁለተኛው ማስተኛት ነው፤ ለአብዛኛው ሰው የሚሻለውም ይህ ነው። ከ5 እስከ 10 ዲግሪ የሚቆይ፣ የማይሞቅ ግን ወደ ውርጭ የማይወርድ ቦታ ፈልጉ፦ መስኮት ያለው ምድር ቤት፣ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ጋራዥ፣ ቀዝቃዛ የደረጃ መውጫ። ተክሉ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ያራግፍ። ቅጠል ከሌለው ውሃ የሚጠጣበት ምክንያት የለውም። በሦስት ወይም በአራት ሳምንት አንዴ፣ ሥሩ ጨርሶ እንዳይደርቅ ያህል ብቻ ጠብ አድርጉለት። ማዳበሪያ አይነካው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ከርኅራኄ ብዛት የሚያጠፋው። ቅጠሉ ሲረግፍ ጠማው ብሎ ያጠጣዋል፤ ቀዝቃዛና ርጥብ አፈር ውስጥ የተኛው ሥር ይበሰብሳል። በብርዱ ወራት ቡገንቪሊያን ከጥም ይልቅ የሚገድለው ውሃ ነው። መሞቱን ከተጠራጠራችሁ ቅርንጫፉን በጥፍር ጫር አድርጉት። ከልጡ ሥር አረንጓዴ ከታየ ሕያው ነው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ግንዱ ወረድ ብላችሁ ደግማችሁ ጫሩ፤ ጫፉ ደርቆ ግንዱ በሕይወት ያለ ብዙ ነው።

ከማስገባታችሁ በፊት የቅጠሉን ጀርባና የቅርንጫፉን መጋጠሚያ ፈትሹ። ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ፣ ጥጥ የመሰለው ሚሊባግ ደጅ ሳሉ በዝናቡና በሌሎች ነፍሳት ይመናመናሉ፤ ቤት ውስጥ ግን ጠላት የላቸውም። በውሃ ግፊት እጠቡት፤ ሚሊባግ ካለ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉ። በሩ ጠቦ ካስቸገረ የረዘመውን ብቻ ከርክሙ። ዋናው የመግረዝ ሥራ አሁን አይደለም፤ በመጸው ጠንክሮ የተገረዘ ተክል በማይሆን ጊዜ ለጋ ቀንበጥ ለማውጣት ይነሳሳል።

የመግረዣው ጊዜ ቀኑ መርዘም ሲጀምር፣ ቀንበጥ የሚወጣባቸው ዓይኖች ከማበጣቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት ነው። የቡና ገበሬ ያረጀውን ግንድ ጎንድሎ በአዲስ ቀንበጥ ምርት እንደሚያገኝ፣ እዚህም ስስት አያዋጣም። እሾሁ ክፉ ስለሆነ ወፍራም ጓንት አጥልቁ፤ መቀሱን በአልኮል ጥረጉ። መጀመሪያ የደረቀው፣ ቀጥሎ እርስ በርሱ የሚፋተገውና ወደ ውስጥ የሚያድገው ይውጣ። የቀረውን ከርዝመቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ አሳጥሩ። እያንዳንዱ የጎን ቅርንጫፍ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን ይኑረው፤ የመጨረሻው ዓይን ወደ ውጭ የሚያይ ቢሆን ተክሉ ክፍት ሆኖ ያድጋል። ቁርጡ ከዓይኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሰያፍ ይሁን። ሲጨርሱት ገላጣና አጭር ሆኖ ሲያዩት ልብ ይሰጋል፤ ግን በጋ ላይ የሚታየው ቀለም ሁሉ ከእነዚያ ጥቂት ዓይኖች የሚወጣ ነው።

ከዚያ ብርሃን ወዳለበት አውጡት፤ ቀንበጥ ሲታይ ውሃውን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ማሰሮ መቀየር ካስፈለገ ጥቂት ብቻ ወደሚበልጥ ይሁን። ሥሩ ስስና ተሰባሪ ስለሆነ አፈሩን ሳትበትኑ እንዳለ አሸጋግሩት። ጠበብ ያለ ማሰሮ አይጎዳውም፤ እንዲያውም የተሻለ ያብባል። ማዳበሪያ ላይ ናይትሮጅን ካበዛችሁ ቅጠል እንጂ አበባ አታዩም። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ሲጸና፣ ዋሽንግተን ላይ በሚያዝያ መጨረሻ፣ ሚኒያፖሊስ ላይ በግንቦት፣ ወደ ደጅ ይመለሳል። መጀመሪያ ጥላ ሥር፣ ከዚያ ለጥቂት ሰዓት ፀሐይ ላይ፤ ሳምንት ከአሥር ቀን ያህል አለማምዱት፤ ቤት የበቀለ ቅጠል በድንገተኛ ፀሐይ ይቃጠላል።

አገር ቤት ሄዳችሁ ስትመለሱ ከቤተሰብ አጥር ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ በሻንጣ የመያዝ ፍላጎት ቢያድርባችሁ አይፈረድም። ነገር ግን አታድርጉት። ወደ አሜሪካም ሆነ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚተከል ነገር ከአገሩ የተሰጠ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ከሌለው አይገባም፤ ከተክሉ ጋር የሚሻገር ተባይ የሌላ ሰው ማሳ ሊያጠፋ ይችላል። ይልቅ ከምትኖሩበት ከተማ ችግኝ መሸጫ አንድ ግዙ፤ ስትገርዙትም ጤናማውን ቅርንጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጣችሁ ርጥበቱ በተጠበቀ ሞቃት አፈር ውስጥ ትከሉ። ሥር ለማውጣት ይዘገያል፤ ታገሡት። ከበቀሉላችሁም አንዱን ለጎረቤት ስጡ።