ስዊት ቶክ፦ ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ

ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ሐኪሙን የሚያገኘው በየጥቂት ወሩ ነው። የቀረው ቀን ሁሉ የራሱ ጣጣ ነው፤ ደሙን ይለካል፣ ኢንሱሊን ይወጋል፣ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ ስኳሩ እንዳይወርድበት ያስባል። ቆሽቱ ኢንሱሊን ማምረት ስላቆመ ዕረፍት የሚባል ቀን የለውም። ለጉርምስና ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይብስበታል፤ የዕድሜው ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ጉልበት ያዳክማሉ፣ «ተወግተሃል?» የሚለው የእናቱ ጥያቄም በዚያው ሰሞን ይሰለቸዋል።

በስኮትላንድ፣ በዳንዲ ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ስዊት ቶክ የተባለውን የስልክ መልእክት ሥርዓት የፈጠሩት ለዚህ ዕድሜ ነው። ስማርት ስልክ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን ስለነበር የተጠቀሙት ተራውን አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። ልጁ ክሊኒክ ሲመጣ ከባለሙያው ጋር ተነጋግሮ አንድ ግብ ይመርጣል፤ ለምሳሌ ከእራት በፊት ያለውን መርፌ ላለመዝለል። ግቡ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ግቡን የሚያስታውስ፣ በየቀኑም ለዕድሜው፣ ለጾታውና ለሚከተለው ሕክምና የሚስማማ መልእክት ስልኩ ላይ ይደርሰዋል፤ እሱም መልሶ መጻፍ ይችላል። ብልሃቱ ግቡን መምረጡ ላይ ይመስለኛል። ሌላ ሰው ያወጣውን ግብ በየሳምንቱ የሚያስታውስ ስልክ ያው ሁለተኛ እናት በሆነ ነበር።

ሥርዓቱን የፈተሸው ጥናት ውጤት በ2006 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከ8 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው 92 ታካሚዎች በሦስት ቡድን ተከፍለው ለአንድ ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት የስኳር መጠን የሚያሳየው የኤዋንሲ ምርመራ በተለመደው ሕክምና ላይ በነበሩት ዘንድ መልእክት ቢደርሳቸውም ባይደርሳቸውም ለውጥ አላሳየም፤ 10.1 እና 10.3 በመቶ ነበር። ከመልእክቱ ጋር የተጠናከረ የኢንሱሊን ሕክምና ያገኙት ግን ወደ 9.2 ወረዱ። የተጠናከረውን ሕክምና ያለ መልእክት የወሰደ ቡድን ስላልነበረ የመርፌውን ድርሻ ከመልእክቱ ድርሻ መለየት አይቻልም፤ የጥናቱ ድክመት ይህ ነው።

በተለመደው ሕክምና ላይ ሆነው መልእክት የደረሳቸው ልጆች ግን ሕመማቸውን እንደሚቆጣጠሩት ያላቸው እምነት ከፍ ብሎ፣ ሕክምናቸውንም በተሻለ እንደሚከተሉ ተናግረዋል። ከተጠቃሚዎቹም 90 በመቶው መልእክቱ እንዳይቋረጥባቸው ፈልገዋል።