ያልተቆጠሩት ጠላቂዎች፦ ከወገራ ደጋ እስከ ጣና ወለል



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ አንድ አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ «ለመሆኑ ደባርቅ ላይ ምን ሐይቅ አለና ነው ስለ ጠላቂ ዳክዬ የሚያስተምሩት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ወደ ደባርቅ የሚመጣ ተመራማሪ ዓይኑ የሚያርፈው በዋሊያ፣ በጭላዳና በቀይ ቀበሮ ላይ ነው፤ ስለ ወፍ ከተነሣም አጥንት ሰባሪውን አሞራ ሳያይ አይመለስም። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ በተቆረቆረች ከተማ ተቀምጦ ከውሃ ሥር ስለሚመገብ ወፍ ማውራት መንገድ የሳተ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የጠላቂ ወፎችን ሕይወት ማጥናት መጀመር ያለበት ከሐይቁ ዳር ሳይሆን ውሃው ከሚነሣበት ዳገት ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ እምነቴ ያሉኝን ምክንያቶች ላቅርብ።

በቅድሚያ ስለ ውሃው። ከደባርቅና ከዳባት የሚወርደው ጎርፍ አብዛኛው ወደ ተከዜ ተፋሰስ ይገባል። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ግን የደጋው ጀርባ ውሃውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ወደ ደቡብ ያዘነበለው ወገን በመገጭ ወንዝ በኩል ጎንደርን አልፎ፣ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ሁለቱ ውሃዎች ዳግም የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ፣ አትባራ ከናይል ጋር በሚቀላቀልበት ስፍራ ነው። በአንድ ደጋ ላይ ጎን ለጎን የታረሱ ሁለት ማሳዎች አፈራቸውን ወደተለያየ ወለል ይልካሉ ማለት ነው። የዛሬው ጉዳዬ በመገጭ በኩል የሚወርደው ነው።

ጠላቂ ወፍ ስንል ምን ማለታችን ነው? በአማርኛ ዳክዬ፣ ይብራ፣ ዝይ የሚሉ ስሞች አሉን፤ ነገር ግን በውሃው ገጽ ላይ አንገቱን ብቻ ደፍቶ የሚለቅመውን ዳክዬና ሙሉ ገላውን አስምጦ ወለል ድረስ የሚወርደውን ለይቶ የሚጠራ፣ በሰፊው የታወቀ ቃል አላገኘሁም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጠቀምባቸው አንዳንድ ስሞች የራሴ ትርጉም መሆናቸውን ተረዱልኝ። በሀገራችን ዓመቱን ሙሉ ከሚኖሩት አንዱ የማኮአ ዳክዬ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙ ኦክሲዩራ ማኮአ ይባላል። ይህ ወፍ ከአፍሪካ ውጭ አይገኝም። አንዱ ሕዝበ ወፍ በደቡባዊ አፍሪካ፣ ሌላው ከኢትዮጵያ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ይኖራል፤ እኛ ዘንድ በስምጥ ሸለቆና በቢሾፍቱ አካባቢ ሐይቆች ይታወቃል። ደቡባዊው ቀይ ዐይን ዳክዬም እንዲሁ የሀገር ነዋሪ ነው። በአውሮፓና በእስያ ብርድ ሲበረታ ደግሞ ባለ ቁንጮው ዳክዬ፣ ቀይ ራሱ ዳክዬና ነጭ ዐይኑ ዳክዬ ጣናን ጨምሮ ወደ ሐይቆቻችን ይወርዳሉ። ከእነዚህ መካከል ማኮአና ቀይ ራሱ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የመጥፋት ስጋት አለባቸው ብሎ የመዘገባቸው ናቸው፤ ነጭ ዐይኑም ወደዚያው የተቃረበ ተብሎ ተመድቧል።

የእነዚህ ወፎች ገላ ለአንድ ሥራ የተበጀ ነው። እግሮቻቸው ወደ ጅራታቸው ተጠግተው ስለተተከሉ ውሃን ወደ ኋላ ገፍተው ለመውረድ ይመቻሉ፤ በየብስ ላይ ግን የማኮአ አረማመድ እጅግ ያሳዝናል። ከመጥለቃቸው በፊት በላባቸው መካከል ያለውን አየር አፍነው ያስወጣሉ፤ አለዚያ እንደ ቡሽ ይንሳፈፉ ነበር። እያንዳንዱ ጥልቀት ጉልበት ያስከፍላቸዋል፤ ስለዚህ ከወለሉ የሚያገኙት ምግብ ለመውረድ ካወጡት ኃይል መብለጥ አለበት። ማኮአ በሰፊ መንቁሩ ጭቃውን እያጣራ የሚመገበው በአብዛኛው ትንኝ የሚመስሉ፣ የማይነክሱ ዝንቦችን እጮች ነው። ከእነዚህ እጮች ብዙዎቹ በሰውነታቸው ሄሞግሎቢን ስላለ ቀይ ናቸው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥም ይኖራሉ። በአጭሩ የዳክዬው ጎተራ ጭቃው ነው። በጭቃው ላይ የሚወርድ ነገር ሁሉ፣ መርዝም ቢሆን፣ በመንቁሩ በኩል ያልፋል።

የጣና ጥልቀት ከ14 ሜትር አይበልጥም፤ ስፋቱ ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ለጠላቂ ዳክዬ ድግስ ነው፤ ለደለልም የተመቸ ነው። የደለሉን ብዛት ለመገመት ጣና ድረስ መውረድ አያስፈልግም። ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ ተብሎ የተገደበው አንገረብ የመገጭ ገባር ነው፤ ግድቡ በደለል መሞላቱ የከተማዋ የቆየ ራስ ምታት ሆኗል። (ይህንን አንገረብ ከዚህ በስተምዕራብ ወደ አትባራ ከሚፈስሰው ስመ ሞክሼው ጋር እንዳታምታቱት፤ በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ይህንን ስሕተት ደጋግሜ አርሜአለሁ።) ከወገራ ማሳ ተጠርጎ የወረደው አፈር ግድቡን አልፎ ሐይቅ ሲደርስ ብርሃን ይጋርዳል፣ የወለል እንስሳትን ይቀብራል፣ ከማዳበሪያ የተረፈውንም ንጥረ ነገር ይዞ ይገባል። ይህን ስል ደለል ሁሉ የዳክዬ ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። ለስላሳ ጭቃ የሚወድዱ እጮች አሉ፤ መጠነኛ ደለል ሊያበዛቸውም ይችላል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከየትኛው መጠን ላይ እንደሆነ የሚታወቀው ጭቃውን በወንፊት አጥቦ እጮቹን በመቁጠር ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን መነሻው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነበር። ንጥረ ነገር የጫነ ወንዝ ከሐይቅ በሚገናኝበት ስፍራ መሆኑ አያስደንቅም። የእምቦጭ ምንጣፍ ለጠላቂ ዳክዬ ጣሪያ ነው፤ ከሥሩ የፈለገውን ያህል ምግብ ቢኖር መውጫና መግቢያ የለውም። ጎጆ የሚሠሩባቸው የደንገልና የፊላ ዳርቻዎችም በሌላ በኩል እየሳሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የሐይቁ ውሃ ክፉኛ በጎደለ ጊዜ ውሃው የለቀቀውን መሬት ገበሬው አረሰው። የባሕር ሸሽ እርሻ በዚያ አካባቢ ቀድሞም የነበረ ልማድ ነው፤ መሬት የጠበበበትን ሰው በዚህ መውቀስ አይገባም። ሆኖም የታረሰው ዳርቻ ደንገል የሚያበቅል፣ ደለልም የሚያጣራ ዳርቻ አይሆንም።

አሁን በርእሴ ላይ «ያልተቆጠሩት» ወዳልኩት ልምጣ። የውሃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ በ1967 የተጀመረ ሲሆን የአፍሪካው ክፍል ከ1991 ወዲህ የሚካሄድ ነው፤ ዋና ጊዜው የፈረንጆቹ ጃንዋሪ፣ በእኛ ጥር ነው። በሀገራችን በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ወፎችን በማስቆጠርና ለወፎች ጠቃሚ የሆኑ ስፍራዎችን በመመዝገብ ብዙ ደክሟል። ነገር ግን ጠላቂ ወፍ ከሌላው ሁሉ የከፋ አስቸጋሪ ባሕርይ አለው፤ ሲቆጠር ይሰወራል።

በወጣትነቴ ከደምቢያ ዳርቻ ቆሜ የመጀመሪያውን መንጋ ስቆጥር ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት የተራራቁ ቁጥሮችን ጻፍኩ። ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ስሕተቱ ግን የዓይን ሳይሆን የስሌት ነበር። አንድ ዳክዬ 20 ሰከንድ ከውሃ በታች፣ 10 ሰከንድ ከውሃ በላይ እያሳለፈ ይመገባል እንበል። በማንኛውም ቅጽበት የሚታየው ከሦስት አንድ ነው፤ 30 ወፎች ባሉበት 10 ብቻ ይቆጠራሉ። በዚህ ላይ የመንጋው አባላት ብዙ ጊዜ አብረው ይጠልቃሉ፤ ስለዚህ አንዴ ውሃው ባዶ፣ አንዴ ሙሉ ይመስላል። መፍትሔው ከብልሃት ይልቅ ትዕግሥት ነው። ከተቻለ ወፎቹ ሲያርፉ መቁጠር፤ ከነዚህ ዝርያዎች አንዳንዶቹ፣ በተለይ ባለ ቁንጮው፣ ሌሊት ስለሚመገቡ ቀን ተኝተው ይገኛሉ። ካልሆነም የጥቂት ወፎችን የጥልቀትና የእረፍት ጊዜ በሰዓት ለክቶ ቁጥሩን ማረም። ያልታረመ ቁጥር ይዞ «ቀነሱ» ወይም «በዙ» ማለት ግን ባዶ ወሬ ነው፤ ዘንድሮ ሲመገቡ፣ አምና ሲያርፉ ተቆጥረው ሊሆን ይችላልና።

በዚህ ረገድ ከባሕር ወፎች አጥኚዎች የምንማረው ብዙ ነው። እኛ ዛሬ ባሕር የለንም፤ ችግራቸው ግን ችግራችን ነው። በባልቲክ ባሕር የሚከርመው ባለ ረጅም ጅራት ዳክዬ እ.ኤ.አ. ከ1992–1993 እስከ 2007–2009 ባሉት ቆጠራዎች መካከል ከ4 ሚሊዮን በላይ ከነበረበት ወደ 1.5 ሚሊዮን ወርዶ ተገኘ። ይህን ውድቀት ማየት የተቻለው ሁለቱም ቆጠራዎች መላውን ባሕር ስላዳረሱ ነው፤ የመጀመሪያው ቆጠራ ባይኖር ኖሮ ሁለተኛው ቁጥር ብዙ ነው ተብሎ በተወደሰ ነበር። ለእኛ የመጀመሪያው ቆጠራ ጊዜ አሁን ነው።

ከባሕር አጥኚዎች የተማርነው ሌላው ጉዳይ የመረብ ነው። በ2013 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት በውሃ ውስጥ እንደ ግድግዳ በሚዘረጋ መረብ ተይዘው በየዓመቱ ቢያንስ 400,000 ወፎች እንደሚሞቱ ገምቷል። ቀጭን ናይለን ለዓሣ የማይታየውን ያህል ለጠላቂ ወፍም አይታይም፤ ወፉ በመረቡ ተጠምዶ ትንፋሹ ያልቃል። በጣና ላይ ይህ የመረብ ዓይነት በማታ ተዘርግቶ በማለዳ ይሰበሰባል፤ ሌሊት ለሚመገብ ዳክዬ ከዚህ የከፋ ሰዓት የለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስለ ማጥመጃ መሣሪያዎች ይደነግጋል፤ ዓላማው ግን ዓሣውን መጠበቅ ነውና በመረብ ስለሚሞት ወፍ መዝገብ የሚይዝ አካል አላየሁም።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቻችን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ወደ አጥማጁ ስትሄዱ ደብተርና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዛችሁ «ስንት ወፍ ገደላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ ዜሮ ነው፤ ዜሮውንም ጽፋችሁ ትመለሳላችሁ። አጥማጁ የሚፈራው ቅጣትን ነው። በማለዳ ታንኳ ላይ አብራችሁ ውጡ፣ መረቡን አብራችሁ ጎትቱ፣ ከዚያም ተጫወቱ። የወፍ ሬሳ መረቡን እንደሚያበላሽበት፣ ጊዜውንም እንደሚፈጅበት የሚነግራችሁ እርሱ ራሱ ነው። ወፉ የማይጠመድበትን ስፍራና ሰዓት መምረጥ ለእርሱም ይበጃል። ከቁጥጥር አስቀድሞ ይህ መተማመን ካልተገነባ መረጃው ከአጥማጁ ልብ አይወጣም ባይ ነኝ፤ በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች እንዳሉኝ አውቃለሁ።

ወደ ዳገቱ ልመለስ። ባለፉት ዓመታት በወገራና በዳባት ገበሬው በነፍስ ወከፍ ወጥቶ እርከን ሲሠራ፣ ቦረቦር ሲደፍን ቆይቷል። የዚህ ሥራ ውጤት ብዙ ጊዜ የሚለካው በኪሎ ሜትር ርዝመት ነው፤ ስንት አፈር እንደቀረ የሚለካው ከስንት አንዴ ነው። የእኛ ክፍል ሊያበረክት የሚችለው በዚህ ክፍተት ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ በታች እርከን ባለውና በሌለው ተዳፋት በሚወርዱ ሁለት ጅረቶች በክረምት ውሃ እየቀዱ ደለሉን ማድረቅና መመዘን፣ በበጋ ከመገጭ መግቢያ ጭቃ አውጥቶ እጮቹን መቁጠር፣ በጥር ወፎቹን መቁጠር። ሦስቱ ቁጥሮች በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ለተከታታይ ዓመታት ከተጻፉ፣ በደጋው ላይ የተካበ ድንጋይ በሐይቁ ወለል ላይ ምን እንዳደረገ መጠየቅ እንችላለን። ሥራው ወንፊት፣ ሚዛን፣ ምድጃ፣ አንድ ደኅና መነጽርና የሰው ጉልበት ይጠይቃል። ምድጃውና ሚዛኑ በቤተ ሙከራችን አሉ።

በመጪው ጥር ለሚደረገው ቆጠራ ስማችሁን የምታስመዘግቡ ተማሪዎች ካሁኑ ልምምድ እንድትጀምሩ እመክራለሁ። ልምምዱን በአንገረብ ግድብ ላይ እናደርጋለን፤ ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከግቢው በር እንነሣለን። ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓትና ጋቢ ያዙ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ልታቀርቡ ትችላላችሁ።