ድምፅን በቁጥር የሚጽፈው ቴፕ ሪኮርደር፤ አሠራሩና አያያዙ

በጅቡቲ የመንግሥት ሥራ የሚካሄደው በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ነው። አብዛኛው ሕዝብ ከእናቱ የሚማራቸው ሶማልኛና አፋርኛ ግን ለረጅም ዘመን ከጽሑፍ ይልቅ በቃል ሲተላለፉ የኖሩ ናቸው። ግጥሙ፣ የዘር ሐረጉ፣ የእርቁ ሥርዐት የሚገኘው በሽማግሌዎች አፍ ነው። «ሄር ኢሴ» የተባለው የኢሳ ሶማሌዎች ሕግ እንኳ ከትውልድ ወደ ትውልድ የደረሰው በቃል ነው። ይህንን ሕግ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በአንድነት አቅርበውት እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። እንዲህ ባለ አገር ድምፅ መቅጃ መሣሪያ ከብዕርና ከወረቀት ባላነሰ የመምህር ዕቃ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው «ዲጂታል ኦዲዮ ቴፕ»፣ በአጭሩ «ዳት» የተባለውን መሣሪያ ነው። መሣሪያው ዛሬ አይሠራም፤ ሆኖም በእርሱ የተቀዱ ካሴቶች በየሰው መሳቢያና በየመሥሪያ ቤቱ ቁም ሣጥን ተቀምጠዋል። ስለዚህ አሠራሩን ማወቅ የታሪክ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የዛሬም ሥራ ነው።

ዳት ምንድን ነው?

የተለመደው ቴፕ ሪኮርደር የድምፁን ሞገድ እንዳለ በመግነጢሳዊ ክር ላይ ይስለዋል። ክሩ ሲያረጅ ሥዕሉም ይደበዝዛል፤ ከአንዱ ካሴት ወደ ሌላው በተገለበጠ ቁጥር ደግሞ ሽው የሚለው ድምፅ እየጨመረ ይሄዳል። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበያ ያቀረበው ዳት ግን ሞገዱን አይስልም፤ ይለካዋል። በየሰከንዱ 48,000 ጊዜ የድምፁን ከፍታ ለክቶ ውጤቱን በቁጥር ይጽፋል። እያንዳንዱ ቁጥር 16 የዜሮና የአንድ ምልክቶች ስላሉት፣ ከ65,536 ደረጃዎች አንዱን ሊያመለክት ይችላል። ግራና ቀኝ ሲደመሩ በአንድ ሰከንድ 1,536,000 ምልክቶች ይጻፋሉ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው ካሴት ከተራው ካሴት ያነሰ ነው፤ ርዝመቱ 73፣ ወርዱ 54 ሚሊሜትር ነው። የሚያስገርመው ደግሞ የክሩ ፍጥነት ነው። የተራ ካሴት ክር በሰከንድ 47.6 ሚሊሜትር ሲጓዝ፣ የዳት ክር የሚጓዘው 8.15 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት የበለጠ ይጽፋል? ምሥጢሩ ያለው በሚሽከረከረው ከበሮ ላይ ነው። በመደበኛው አሠራር የመጻፊያው ራስ 30 ሚሊሜትር ዳያሜትር ባለው ከበሮ ላይ ተተክሎ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ይዞራል። ክሩ በዝግታ ሲያልፍ ራሱ ግን በሰከንድ ከ3 ሜትር በላይ እየሮጠ፣ በክሩ ላይ እጅግ ቀጫጭን የሆኑ ሰያፍ መስመሮችን ይጽፋል። የቪዲዮ ካሴትም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

በ1990ዎቹ በአራት ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች የሚሠሩ፣ በእጅ የሚያዙ ዳቶች ወጡ። ጋዜጠኞች፣ የቋንቋ ተመራማሪዎችና የሙዚቃ ሰዎች ወደዷቸው። በየቤቱ ግን አልገቡም። አንደኛ ዋጋቸው ውድ ነበር። ሁለተኛ፣ የሸክላ አሳታሚዎች ፍጹም ቅጂ በገበያ እንዳይበዛ ስለ ፈሩ፣ የቅጂን ቅጂ የሚከለክል ዘዴ በመሣሪያው ውስጥ እንዲገባ አደረጉ፤ በአሜሪካ ይህ እ.ኤ.አ. በ1992 በሕግ ተደነገገ። በመጨረሻም ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2005 መሣሪያውን መሥራት አቆመ።

ሙቀት፣ ወበቅና አቧራ

ጅቡቲ ከተማ በባሕር ዳር ያለች፣ በበጋዋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ሐምሌ አካባቢ «ከምሲን» የተባለው ነፋስ አቧራውን ይዞ ይነሣል። እንደዚህ ባለ ቦታ የዳት የመጀመሪያ ጠላት ጤዛ ነው። ቀዝቃዛ የውሃ ጠርሙስ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ላብ እንደሚያሰምጠው ሁሉ፣ አየር ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል ወደ ውጭ የወጣ መሣሪያም ከበሮው ላይ ውሃ ይቋጥራል። ርጥቡ ክር በከበሮው ላይ ይለጠፋል፤ ሊበጠስም ይችላል። ብዙዎቹ ዳቶች ይህን የሚያውቅ ሕዋስ ስላላቸው የጤዛ ምልክት አሳይተው ሥራ ያቆማሉ። ይህ ብልሽት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው፤ በግድ ለማሠራት መሞከር አይገባም።

መፍትሔው ቀላል ነው። መሣሪያውና ካሴቱ ከቀዝቃዛው ክፍል ከመውጣታቸው በፊት በላስቲክ ከረጢት ታሽገው ይወጣሉ። የውጭውን ሙቀት እስኪለምዱ አንድ ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ ከረጢቱ ይከፈታል። ውሃው የሚቋጥረው በከረጢቱ ላይ እንጂ በመሣሪያው ላይ አይሆንም። ከረጢቱ ለአቧራም ይጠቅማል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የድምፅ መጠን ነው። በተራው ቴፕ ላይ መርፌው ቀዩን ጥቂት ቢያልፍ ድምፁ ትንሽ ይሻክራል እንጂ አይጠፋም። በዳት ግን ከዜሮው ምልክት በላይ የሚጻፍ ቁጥር የለም፤ ጫፉ ተቆርጦ ይቀራል፣ በኋላም አይታረምም። ስለዚህ ተናጋሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ጠቋሚው ከዜሮ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል ማድረግ ይበጃል።

ጊዜው አጭር መሆኑ

የዳት ትልቁ ጠባይ አታላይነቱ ነው። ክሩ ሲጎዳ መሣሪያው የጎደሉትን ቁጥሮች ከቀሩት አስልቶ ይሞላቸዋል፤ ሰሚው ምንም አይታወቀውም። ጉዳቱ ከመጠን ሲያልፍ ግን ድምፁ በአንድ ጊዜ ይቆራረጣል ወይም ፈጽሞ ይጠፋል። ተራው ካሴት እያቃሰተ ነው የሚሞተው፤ ዳት ግን ደኅና መስሎ ቆይቶ በድንገት ነው። በዚህ ላይ ማጫወቻው ከገበያ ወጥቷል፤ የሚጠግነውም ባለሙያ እያነሰ ሄዷል።

ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ መግነጢሳዊ ክሮች ሁሉ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። እስከ 2025 ግድም ያልተገለበጠው ከዚያ በኋላ በአብዛኛው የሚሰማበት መሣሪያ እንደማይገኝለት ተነግሯል። የተባለው ዘመን ደርሷል።

የተጠበቀ ክር የሚሰጠውን ጥቅም ግን እዚሁ ጅቡቲ ማየት ይቻላል። የአገሪቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት በሺህ የሚቆጠሩ የሙዚቃ ክሮችንና ካሴቶችን በመዝገብ ቤቱ ጠብቆ አቆይቷል። እነዚህ ዳት ሳይሆኑ የቀድሞው ዓይነት ክሮች ናቸው። ከዚህ መዝገብ በመነሣት «ካትር ማርስ» የተባለው የድሮ የሙዚቃ ጓድ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ኦስቲናቶ በተባለ አሳታሚ ታትመው ለዓለም ተሰምተዋል። ክሮቹን ተንከባክቦ የያዘ ሰው ባይኖር ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

እንግዲህ ዳት ካሴት ያለው መምህር ምን ያድርግ? መሣሪያ ካገኘ ካሴቱን ዛሬውኑ ወደ ኮምፒዩተር ይገልብጥ። የሚገለብጠውም በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ሳይሆን፣ ካለ፣ በዲጂታል መውጫው ይሁን፤ ቁጥሮቹ ሳይለወጡ ይሄዳሉና። የሁለት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ቅጂው ሳይጨመቅ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንደኛው ከሕንፃው ውጭ ይሁን። ዋናው ካሴትም አይጣል።

አዲስ ለሚቀዳ ሰው ስልክ ወይም በማስታወሻ ካርድ የሚሠራ ሪኮርደር ይበቃል። ሥርዐቱ ግን አልተለወጠም። ለምሳሌ ተማሪዎች በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ላይ የሠሩ ጡረተኛ ዘንድ ሲሄዱ፣ «አባባ፣ ድምፅዎን ብንቀዳ ይፈቅዳሉ? ማን ቢሰማው ይወዳሉ?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። በቅጂው መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም ይናገሩ። የአየር ማራገቢያውን ያጥፉ። ስምና ቀን የሌለው ድምፅ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚሰማው ሰው የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቃል ሆኖ ይቀራል።

ሽማግሌው የተናገሩትን ደግመው ላይናገሩት ይችላሉ። በመሳቢያችን ያለው ካሴት ምናልባት ብቸኛው ምስክር ነውና ሳይረፍድ እንነሣ።

ለተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የዳት ክር በሰከንድ 8.15 ሚሊሜትር ቢጓዝ፣ ለሁለት ሰዓት ቅጂ ስንት ሜትር ክር ያስፈልጋል?
2. በሁለት ሰዓት ውስጥ ስንት የዜሮና የአንድ ምልክቶች ይጻፋሉ?
3. ቀዝቃዛ ጠርሙስ በላስቲክ አሽጋችሁ ሌላውን ሳታሽጉ ፀሐይ ላይ አስቀምጡ። ውሃው የት የት ቋጠረ? ለምን?