መኪና ውሃ አይጠጣም፦ ስለሚያፈስ ራዲያተር ተረትና እውነታ

ከቡሬ ተነስቶ በቲሊሊ በኩል ወደ እንጅባራ የሚወጣ መኪና ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ሲደርስ ዳር ይዞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ በእንፋሎት ተሸፍኖ ቢታይ ብርቅ አይደለም። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ይወርዳል፣ ውሃ ይሞላል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ተሳፋሪ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ «ምንም አይደል፣ ትንሽ ውሃ ትጠጣለች» ይባላል። እንደ እኔ እምነት ከዳገቱ ይልቅ ብዙ ሞተር የጨረሰው ይህ አባባል ነው።

መኪና ውሃ አይጠጣም። የሞተር ማቀዝቀዣ ዝግ ዑደት ነው። ነዳጁ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ሲሶ ገደማውን ውሃው ከሞተሩ ተቀብሎ በራዲያተሩ በኩል ለነፋስ ያስረክባል፤ ቀዝቅዞም ይመለሳል። ሞቆ ሲሰፋ የተረፈው ወደ መጠባበቂያው ዕቃ ይወጣል፣ ሲበርድ ተመልሶ ይሳባል። ጤነኛ መኪና ውሃ ሳይጨመርበት ለወራት ይሄዳል። በየሳምንቱ የሚጨመርበት መኪና የሆነ ቦታ ያፈሳል፤ ቀሪው ጥያቄ የት ነው የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ተረት ይመጣል፦ «ውሃ ከጎደለ ራዲያተሩ ተበስቷል»። ብዙ ባለመኪና ራዲያተሩን አስፈትቶ፣ አስበይዶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ሲያበቃ ውሃው እንደገና ይጎድልበታል። የላይና የታች ማኒኮቶዎች (የውሃ ጎማዎች)፣ እነሱን የሚያስሩት ፋሻታዎች፣ የውሃ ፖምፓው፣ የጋቢናው ማሞቂያ ትንሽ ራዲያተር፣ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ማሸጊያ የሆነው ጓርኒሲዮን፣ ሁሉም ያፈሳሉ። ፍለጋው የሚጀመረው ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ፣ ራዲያተሩ እስከ አፉ ተሞልቶ ነው። ውሃ ፈስሶ የደረቀበት ቦታ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም የዝገት መልክ ያለው ፈለግ ይተዋል። ፖምፓው ከስሩ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ የውስጥ ማሸጊያው ሲያልቅ ውሃው በዚያች ቀዳዳ ይንጠባጠባል። ከፊት ተሳፋሪ እግር ስር ያለው ምንጣፍ ከረጠበና መስታወቱ ያለ ምክንያት በጉም ከተሸፈነ ጥፋቱ የማሞቂያው ነው።

የእንጅባራ ብርድ ደግሞ ልምድ ያለውን ሰው ሳይቀር ያሳስታል። ሌሊቱን በውርጭ ያደረ ማኒኮቶ ይኮማተርና ፋሻታው ስለሚላላ ጠዋት ውሃ ያንጠባጥባል። ሞተሩ ሲሞቅ ጎማው ይሰፋና ይዘጋል፤ መኪናው ጋራዥ ሲደርስ ጠብታው የለም። ተቃራኒውም አለ። በቀጭን ስንጥቅ፣ ግፊት ሲፈጠር ብቻ የሚወጣ ውሃ የጋለ ብረት ላይ አርፎ መሬት ሳይደርስ ይተናል። ስለዚህ ከመኪናው ስር ያለው መሬት ደረቅ መሆኑ አያፈስም ለማለት አያበቃም። ሁለቱንም የሚያጋልጠው በራዲያተሩ ክዳን ቦታ የሚገጠም፣ በእጅ የሚነፋ የግፊት መፈተሻ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ይነፋል። ቀስቱ ለጥቂት ደቂቃ ባለበት ከቆመ ችግሩ ሌላ ነው፤ ከወረደ ውሃው ራሱ የሚወጣበትን ያሳያል። ራዲያተር ከመፈታቱ በፊት ይህ ፍተሻ እንዲደረግ መጠየቅ የባለመኪናው መብት ነው።

«ክዳን ያው ክዳን ነው» የሚለው ተረት በቆላም ይጎዳል፤ በደጋ ግን ጉዳቱ ይብሳል። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዘንገናና በእንጅባራ ዙሪያ ክፍት ውሃ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ይፈላል። የሞቀውን ውሃ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው መከፈት የሚጀምረው። ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን ጠባብ ልዩነት የሚያሰፋው ክዳኑ ነው፦ ጎማውና ሞላው ጤነኛ ሆኖ 0.9 ባር ግፊት ከያዘ፣ በዚያው ከፍታ ላይ ውሃው እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲያረጅ ራዲያተሩ ምንም ሳይሆን መኪናው ይፈላል፤ ውሃው በመጠባበቂያው በኩል ይደፋል። ግፊቱ ቀንሶ ማፍሰሱ እንዲቆም ብለው ክዳኑን አላልተው የሚነዱም አሉ። ፍሰቱ በእርግጥ ይቀንሳል፤ በዚህ ከፍታ ግን ሞተሩ በ91 ዲግሪ ይፈላባቸዋል።

ክዳኑ ሌላም ሥራ አለው። ጠዋት የላይኛው ማኒኮቶ ተጨምድዶ ከተገኘ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የማኒኮቶው አይደለም፤ ሞተሩ ሲበርድ ውሃውን ከመጠባበቂያው የሚመልሰው የክዳኑ ትንሽ ቫልቭ ተደፍኗል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ዕቃ ርካሹ ክዳን ነው። ቁጥሩ ግን ፋብሪካው ካዘዘው ጋር አንድ ይሁን፤ ከዚያ የበለጠ ግፊት የሚይዝ ክዳን ያረጀውን ራዲያተር ይቀድደዋል።

ሰው የሚያቃጥለውም ስህተት እዚሁ ላይ ነው። ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ በግፊት የተያዘ ውሃ ክዳኑ በተነሳበት ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል። ጨርቅ ደርቦ መያዝ ፊትን አያድንም። ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ጠብቆ፣ ማኒኮቶው ሲጨበጥ ለስልሶ ለእጅ የሚቻል መሆኑን አይቶ ነው ክዳን የሚከፈተው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ደግሞ ቴስታታውን ያጣምማል፣ አንዳንዴም ይሰነጥቃል። ተሳፋሪዎች እባካችሁ ሾፌሩን አታጣድፉት።

«የሙቀት መለኪያው ቀይ ካልነካ ሰላም ነው» የሚለውም አደገኛ እምነት ነው። መለኪያው በትክክል የሚያነበው ውሃ ሲነካው ነው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ቀስቱ ከፍ ብሎ የነበረ እንኳ ወደ ታች ሊመለስ ይችላል፤ ሞተሩ ግን እየነደደ ነው። ዳገት ላይ ቀስቱ በድንገት ከወረደ ወዲያው መቆም ያስፈልጋል።

ጠዋት ከማርሚታው የሚወጣ ነጭ ጭስ ሁሉ የጓርኒሲዮን መቃጠል ተደርጎ ይወሰዳል። በብርድ አገር ይህ ብዙ ጊዜ ተራ እንፋሎት ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። የሚያሳስበው ከሞቀ በኋላም ሳያቋርጥ የሚወጣው፣ በራዲያተሩ አፍ ከሚታይ የማያባራ አረፋ ጋር የመጣው፣ ወይም የሞተር ዘይቱ እንደ ማኪያቶ የነጣው ነው። እንዲህ ከሆነ ራዲያተር መበየድ ምንም አይፈይድም፤ ቴስታታው ይነሳ።

ከፋግታ ለኮማ ወረዳ የደከረንስ ዛፍ ከሰል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ አይሱዙ ከአባይ ድልድይ እስከ ጎሃ ጽዮን ከ1300 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለበት። ለዚህ ዳገት ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የቆየ ልማድ ነው፤ «ውሃው በነፃነት ይዙር» ይባላል። ነገር ግን ብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ የሚመለስበትን አቋራጭ መስመር ይዘጋል። ዕቃው ከወጣ የውሃው ከፊል ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ ጭነትና ዳገት ሲገናኙም ሙቀቱ ይብሳል። በእንጅባራ ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ብዙ መንገድ ስለሚሄድ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ይቆሽሻል። የተበላሸ ቴርሞስታት በአዲስ ይተካል እንጂ ቦታው ባዶ አይተውም።

ፍሰት ለማቆም እንቁላል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ዱቄት ራዲያተር ውስጥ ስለመጨመር ብዙ አልልም። ጥቃቅን ቀዳዳ ለጥቂት ጊዜ ሊደፍኑ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎችና ማሞቂያውንም አብረው ይደፍናሉ። የራዲያተርን ቀዳዳ በሳሙና መለሰን ግን ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ልምዱ የመጣው ከነዳጅ ታንክ ነው፤ ቤንዚንና ናፍጣ ሳሙናን ስለማያሟሙ የተለሰነው ሳሙና ለጊዜው ይይዛል። ውሃ ግን ያሟሟዋል፤ ትኩስ ውሃ ሲሆን ደግሞ ፈጥኖ። በስታኞ የሚበየደውም የድሮው የመዳብና የናስ ራዲያተር ነው። ዛሬ በብዛት የሚመጣው አካሉ አሉሚኒየም፣ ጎንና ጎኑ ፕላስቲክ የሆነ ስለሆነ ስታኞ አይይዘውም። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ማጣበቂያ ከተማ ለመድረስ ያህል ነው፤ ቀሪው መፍትሔ መለወጥ ነው። በመዳቡም ቢሆን የሚያፈሱት ቱቦዎች ተደፍነው የሚጠገን ከሆነ የማቀዝቀዝ አቅሙ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ሦስት አራት ቱቦ የተደፈነበት ራዲያተር ጭነት ይዞ አባይን ባይወጣ አይግረመን።

«ኩላንት የበረዶ አገር ነው» ይባላል። ከውሃ ጋር እኩል የተደባለቀ ኩላንት ከመርጋት መከላከል ብቻ ሳይሆን ውሃው የሚፈላበትንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ዝገትም ይከላከላል። ራዲያተርን ከውስጥ በስቶ የሚጨርሰው ይኸው ዝገት ነው። ከምንጭ ወይም ከሐይቅ የተቀዳ ውሃ ለዓይን የጠራ ቢሆንም ማዕድን ይዟል፤ ማዕድኑ ቱቦ ውስጥ እየተጋገረ ይሄዳል። አማራጭ ሲጠፋ ይሞላ፤ ከተማ ሲደረስ ግን ተደፍቶ በተጣራ ውሃና በኩላንት ይተካ። ሲደፋም በጀሪካን ይጠራቀም። ኩላንት ውስጥ ያለው ኤትሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ውሻም ከብትም ጣዕሙ ይስበዋል። በእሳተ ገሞራ ጎድጓድ ውስጥ ያለው ዘንገና ዳር መድፋት ለማንም ሊፈቀድ አይገባም።

ጥገናው ካለቀ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል፤ አየር ማስወጣት። መኪናው አፍንጫው ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ይከፈታል፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ክዳኑ ይከፈትና ሞተሩ ይነሳል፣ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ አረፋው እስኪያቆም ውሃ ይጨመራል። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑ ተከፍቶ ይታያል። ትንሽ ብቻ ወርዶ ከተገኘ የቀረ አየር ነው፤ ይሞላል። በሦስተኛውም ቀን ከጎደለ ግን ፍለጋው ከማኒኮቶው ጀምሮ እንደገና ይካሄዳል።